ኮርቲናን በኔ ፊት ማማት ክልክል ነው

«ፎርድ ኮርቲና? እሷ እኮ ተራ የቤተሰብ መኪና ናት!»

እና ምን ትሁንልህ፣ አውሮፕላን? የቤተሰብ መኪና መሥራት ቀላል ነው ያለህ ማን ነው? የእሽቅድምድም መኪና የሚሠራ መሐንዲስ ማስደሰት ያለበት አንድ ሾፌር ብቻ ነው። ያ ሾፌር ደግሞ ወንበሩ ቢጠበው፣ ጆሮው ቢደነቁር፣ ሙቀት ቢያቀልጠው፣ ዋንጫውን እስካነሣ ድረስ አይከፋውም። የቤተሰብ መኪና የሚሠራው ግን አባትን በዋጋዋ፣ እናትን በመሪዋ፣ ልጆችን በኋላ ወንበሯ፣ አያትን በበሯ፣ የሰፈሩን መካኒክ በብሎኗ ማስደሰት አለበት። ከነዚህ አንዱ ፊቱን ካጠቆረ መኪናዋ አልተሸጠችም። ኮርቲና ከ1962 እስከ 1982 ድረስ፣ ድፍን 20 ዓመት፣ ይህን ሁሉ ዳኛ እያስደሰተች ኖረች፤ ከ4 ሚሊዮን በላይም ተመረተች። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ቁጠርልኝ፤ ሚሊዮኑን ግን በፈለግኸው ቋንቋ ቁጠረው፣ አያንስም።

«ሚኒን የመሰለች መኪና በሠራ አገር ስለ ኮርቲና ይወራል እንዴ?»

ሚኒን ማን ነካት? አሌክ ኢሲጎኒስ ሞተሯን አግድም አስተኝቶ፣ ማርሿን ከሞተሩ ሥር ቀብሮ፣ በ3 ሜትር ርዝመት ውስጥ አራት ሰው ያስቀመጠባት መኪና ናት። ለሱ እጅ ነሥቼ ነው የማልፈው። ሒሳቡን ግን እንተሳሰብ። ሚኒ በ1959 ስትወጣ ዋጋዋ ከነግብሩ 496 ፓውንድ ነበር። የፎርድ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ግራ ገባቸው። አንዲት ሚኒ ገዙ፤ እስከ መጨረሻዋ ብሎን ፈታቷት፤ ዕቃውን አንድ በአንድ ተመኑት። ድምሩ ምን አላቸው? ሠሪው ብሪቲሽ ሞተር ኮርፖሬሽን ከእያንዳንዷ ሚኒ ላይ 30 ፓውንድ ገደማ እየከሰረ ነው አላቸው። ሕዝብ የወደዳትን መኪና እየሸጡ መክሰር! እኔ ይህን ያህል የሚያሳዝን ንግድ አላውቅም፤ ምክንያቱም የሚከስር ፋብሪካ ዛሬ ቢጨበጨብለትም ነገ የሠራተኛውን እንጀራ ይዞ ነው የሚወድቀው።

ፎርድ ከዚያ ሒሳብ ተምሮ ሌላ መንገድ ያዘ። የምርት ዕቅዱን የመራው ቴረንስ ቤኬት ነው። በኋላ ሰር ተብሏል፤ የእንግሊዝ አሠሪዎች ኮንፌዴሬሽንንም መርቷል። ምሕንድስናም ኢኮኖሚክስም የተማረ ሰው ነበርና፣ ለመኪናዋ እያንዳንዱ አካል ሁለት ልክ አበጀለት፤ የዋጋ ልክና የክብደት ልክ። ከልኩ ያለፈ ዕቃ እንደገና ይሠራል። የቦዲ መሐንዲሶቹም ላሜራውን በግምት ማወፈር ትተው፣ አውሮፕላን ሠሪዎች እንደሚያደርጉት የትኛው ቦታ ምን ያህል ጭነት እንደሚሸከም በስሌት አወጡት። ጭነት በሌለበት ቦታ ብረት ቀነሱ፤ ባለበት ቦታ አጠነከሩ። መኪናዋ ቀለለች፤ 800 ኪሎ ግድም ሆነች። መኪና ሲቀል ደግሞ በረከቱ ይከታተላል፤ ትንሽ ሞተር ይጎትተዋል፣ ትንሽ ፍሬን ያቆመዋል፣ ትንሽ ቤንዚን ይበቃዋል። ያቺ የመጀመሪያዋ 1198 ሲ.ሲ. ሞተር አምስት ሰው ከነሻንጣው ይዛ የሄደችው በዚህ ነው። የዕቃ መጫኛው እንደ ጓዳ ሰፊ ነበር። ለዕረፍት ወደ ባሕር የሚወርድ ባለ ሦስት ልጅ ቤተሰብ ሌላ ምን ይጠይቃል?

«አንተ የእንግሊዝ ትላታለህ፤ ፎርድ እኮ የአሜሪካ ነው።»

ባለ አክሲዮኑ የአሜሪካ ነው፤ ላቡ ግን የኤሴክስ ነው። ዳገንሃምን ታውቃለህ? ኤሴክስ ውስጥ፣ ቴምዝ ወንዝ ዳር በ1931 የተከፈተ ፋብሪካ ነው። የብረት ማዕድን በመርከብ እደጁ ድረስ ይመጣለት ነበር፣ የራሱ ምድጃ ያቀልጠው ነበር፣ የራሱ ኃይል ማመንጫ ያበራለት ነበር፤ በአንድ በኩል ማዕድን ገብቶ በሌላ በኩል መኪና ይወጣ ነበር። ጎኑ ላይ ደግሞ የለንደን ምሥራቅ ድሆች ከተጨናነቀ መንደራቸው ወጥተው የሰፈሩበት የቤከንትሪ የመንግሥት ቤቶች መንደር አለ። እነዚህ ሰዎች ቀን የሠሯትን መኪና አንድ ቀን እነሱም ሊገዟት ይችሉ ነበር። የአሜሪካ ናት የምትለኝ ይህን ሁሉ አጥፈህ ነው?

ደግሞስ አሜሪካ ሌላ መኪና ነበራት። ዲትሮይት በፊት ጎማ የምትነዳ አዲስ መኪና ነድፋ፣ «ካርዲናል» የሚል የምሥጢር ስም ሰጥታ፣ እንድትመረት ወደ ጀርመን ኮሎኝ ላከቻት። የብሪታንያውን ፎርድ ይመራ የነበረው ሰር ፓትሪክ ሄኔሲ፣ የአየርላንድ ልጅ ነው፣ ይህ አንገበገበው። ጀርመኖቹ ካርዲናል ካላቸው እኛ ሊቀ ጳጳስ ይኖረናል ተባለና የኮርቲና የምሥጢር ስም «ሊቀ ጳጳስ» ሆነ። ሁለቱም በአንድ ዓመት፣ በ1962፣ ወጡ። የኮሎኟ ታውኑስ 12ኤም ሚሊዮን ሳትደርስ ዘመኗን ጨረሰች። የዳገንሃሟ የመጀመሪያ ትውልድ ግን በአራት ዓመት ውስጥ ሚሊዮንን አለፈች። ዲትሮይት የቀየሰችው ወደ ኋላ ቀረ፤ ኤሴክስ እልህ ይዟት የሠራችው ቀደመ።

«መልኳን ያወጣላት ኤድሰልን የነደፈው ሰውዬ ነው አሉ። እስቲ አሁን እሱ ይወራለታል?»

እንዲያውም አሁን ገና ወሬ መጣ! የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል አሉ፤ አንተም ምሳርህን ይዘህ መጣህ። ሮይ ብራውን ይባላል። ኤድሰል በ1957 ወጥታ በ1959 የተቀበረች የፎርድ ታላቅ ኪሳራ ናት። ስትወጣ አሜሪካ የኢኮኖሚ ድቀት ውስጥ ገብታ ነበር፤ ዋጋዋ ከራሱ ከኩባንያው ሌሎች መኪኖች ጋር ይጋጭ ነበር፤ ከፋብሪካ እንከን ይዛ ትወጣ ነበር። ያን ሁሉ ጥፋት ግን ሰው የጫነው በፊት ለፊት ጌጧ ላይ ነው፤ ማለትም በሠዓሊው ላይ። ብራውንን ወደ እንግሊዝ ላኩት። ለብዙ ሰው ይህ ግዞት ነበር። እሱ ግን ሄዶ እርሳሱን ቀረጸና ኮርቲናን ሣለ፤ ጎኗ ላይ ከፊት እስከ ኋላ የሚወርድ ጭረት፣ ኋላዋ ላይ ለሦስት የተከፈለ ክብ መብራት ያላት፣ ቀጠን ያለች፣ ንጹሕ። በአንድ ሰው እጅ የኩባንያው ታላቅ ውድቀትና ከታላላቅ ድሎቹ አንዱ ተሣሉ። ይህን ሰው የምታማበት አፍ ካለህ፣ ከወደቅህ በኋላ የሠራኸውን አሳየኝና እንነጋገር።

«ስሟስ? ኮርቲና ብሎ የእንግሊዝ መኪና!»

የ1956 የክረምት ኦሊምፒክ የተካሄደባት የጣሊያን ተራራማ ከተማ ስም ነው፤ ኮርቲና ዳምፔዞ። እንግሊዛዊው ሠራተኛ ወደ ውጭ አገር ዕረፍት መውጣት በጀመረበት ዘመን ይህ ስም ደስ ይል ነበር። ፎርድም ስሙን በወሬ አልተወውም። በ1964 መኪናዎቹን እዚያው ከተማ ወስዶ፣ በረዶ ላይ በተንሸራታች ለሚወዳደሩ በተሠራው ጠመዝማዛ ቦይ ውስጥ ቁልቁል ነዳቸው። ከነጂዎቹ አንዱ የዓለም ሻምፒዮኑ ጂም ክላርክ ነበር። ስሟን ከወሰደችበት ተራራ በአራት ጎማዋ የወረደች ሌላ የቤተሰብ መኪና ካለች ጥራልኝ።

አሁን ደግሞ አንድ ጋሼ አሉ፣ የማከብራቸው፤ «ልጄ፣ መኪና ማለት ጃጓር ኢ-ታይፕ ነው፤ ሌላው ብረት ነው» ይሉኛል።

ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ኢ-ታይፕ በ1961 ስትወጣ ዓለም አፉን ከፍቶ ቀርቷል፤ እኔም ባያት እከፍታለሁ። ግን ለስንት ሰው? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። የዳገንሃም ሠራተኛ፣ የሊድስ አስተማሪ፣ የካርዲፍ ነርስ ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ የሚሄዱት በሰማይ ላም አይደለም። በርሷ ላይ ፎቶ ይነሡ፤ ልጆችዎን ትምህርት ቤት ለማድረስ ግን ኮርቲናን ይፈልጓታል።

«ታዲያ ምን ዋጋ አለው፣ አትሮጥም!»

አትሮጥም? ሎተስን ጠይቅ። የሎተሱ ኮሊን ቻፕማን ያቺኑ የቤተሰብ መኪና ወስዶ ባለ ሁለት ካምሻፍት ሞተር አስገባባት፤ ነጭ ቀባትና ጎኗ ላይ አረንጓዴ መስመር አወረደባት። ከ1963 ጀምሮ የሆነውን ተመልከት። ጂም ክላርክ በ1964 በርሷ የብሪታንያ የሳሎን መኪኖች ሻምፒዮን ሆነ፤ ኩርባ ላይ የውስጠኛው የፊት ጎማዋ ከመሬት ተነሥቶ በሦስት ጎማ ስትበር የሚያሳዩት ፎቶዎች ዛሬም አሉ። በ1965 ሰር ጆን ዊትሞር የአውሮፓን ሻምፒዮና በርሷ ወሰደ። በ1966 ስዊድናዊው ቤንት ሶደርስትሮም የብሪታንያን የአር.ኤ.ሲ. ራሊ በርሷ አሸነፈ። በርግጥ የመጀመሪያዎቹ ሎተሶች የኋላ ሱስፔንሽናቸው የተራቀቀ ነበርና ዲፈረንሻላቸው ዘይት እያፈሰሰ ባለቤቱን ያስለቅስ ነበር። በ1965 መፍትሔ ሆኖ የተመለሰው ምን እንደሆነ ታውቃለህ? የተራዋ ኮርቲና ባሌስትራ!

ውድድሩ የአስፋልት ነው እንዳትለኝ፤ ጎረቤታችን ኬንያ እንሂድ። የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ማለት ጭቃው መኪና የሚውጥ፣ አቧራው ሞተር የሚያንቅ፣ ድንጋዩ ካርተር የሚበሳ ውድድር ነው። አውሮፓ ውስጥ ዝና ያላቸው መኪኖች እዚያ ሄደው ጉልበታቸው ይከዳቸዋል። በ1964 ያሸነፈው ፒተር ሂዩዝ ከቢሊ ያንግ ጋር ነው፤ የነዱት ኮርቲና ጂ.ቲ. ነው። ጂ.ቲ. ማለት ደግሞ ከሱቅ የምትገዛት፣ ወንበሯ አምስት ሰው የሚይዝ፣ የዕቃ መጫኛዋ ሻንጣ የሚያስገባ ያቺው ኮርቲና ናት።

«ሂድ ወዲያ! የኮሚሽን ሠራተኛ መኪና!»

አዎ፣ የኮሚሽን ሠራተኛ መኪና። ይህን ስድብ ያደረገው ማን ነው? ሳሙናና የቢሮ ዕቃ ለመሸጥ ከማንቸስተር ብሪስቶል፣ ከብሪስቶል ለንደን ሲመላለስ የሚውል ሰው ቤቱ ከሚተኛበት አልጋ ይልቅ መኪናው ውስጥ የሚቀመጥበት ሰዓት ይበልጣል። ወንበሩ ጀርባውን ቢያሳምመው፣ ማሞቂያው ባይሠራ፣ ጠዋት ባትነሣለት ከሱ የሚከፋ ዳኛ የለም። በ1964 መጨረሻ ኮርቲና ላይ የገባውን የአየር ማስተላለፊያ እሱ ነው ያመሰገነው፤ በክሩስኮቱ ዳርና ዳር ንጹሕ አየር ፊት ላይ ይነፍሳል፣ የገባው አየር በኋላ ይወጣል፤ መስኮት ሳይከፈት፣ ዝናብ ሳይገባ። ዛሬ በሁሉም መኪና ስላለ ማን እንዳስለመደው አታስታውስም።

ኩባንያዎች ለሠራተኛ መኪና መስጠት ያበዙትም ያለ ነገር አይደለም። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የብሪታንያ መንግሥት የዋጋ ንረትን ለመግታት ደመወዝ እንዳይጨምር ደጋግሞ ገደብ ይጥል ነበር። አሠሪው ደመወዝ መጨመር ሲከለከል መኪና ሰጠ፤ ግብሩም ቀላል ነበር። ፎርድ ይህን አይቶ ደረጃ ደረጃ አበጀለት። በ1970 የወጣችውን ሦስተኛዋን ትውልድ፣ ያቺን ወገበ ቀጭኗን፣ ያለ ምልክት ወይም በኤል.፣ በኤክስ.ኤል.፣ በጂ.ቲ. እና በጂ.ኤክስ.ኤል. ትገዛታለህ። በኋላ ደግሞ ጊያ መጣች። በዕቃ መጫኛው ክዳን ላይ የተለጠፈችው ፊደል የሰውየውን ማዕረግ ትናገራለች።

ይህን ልማድ አልወደውም፤ በግልጽ እናገራለሁ። ሰው በመኪናው ቂጥ ላይ በተለጠፈ ሁለት ፊደል ሲመዘን ያንገሸግሸኛል። ግን ፊደሉን ማን አነበበው? መንገዱ ላይ ቆሞ እያነበበ የሚንቅ ወይም የሚያጎነብስ ጎረቤት ነው ያነበበው። መኪናዋማ ሁሉንም በአንድ ፍጥነት አደረሰቻቸው።

«በል ተወው፤ የመኪና ወሬ የወንድ ወሬ ነው፣ እዚህ ሴቶች ተቀምጠዋል።»

ዳገንሃም ላይ ሴቶቹ ሲነሡ የሆነውን ልንገርህና፣ አንተ ተቀመጥ።

መኪና በብረት ብቻ አይሠራም። የምትቀመጥበትን ወንበር የሚያለብስ እጅ አለ። በዳገንሃም የወንበሩን ልብስ በስፌት መኪና የሚሰፉት ሴቶች ነበሩ፤ በ1968 ቁጥራቸው 187። ያን ጊዜ መሥመሩ ላይ የምትወርደው ሁለተኛዋ የኮርቲና ትውልድ ነበረች፤ በዋዜማው ዓመት በ1967 በብሪታንያ ከሁሉ በላይ የተሸጠችው። እነዚህ ሴቶች የተቀጠሩት የስፌት ችሎታቸው ተፈትኖ ነው። ወፍራሙን ቪኒል ከጠርዝ ጠርዝ አግጥሞ፣ ሳይሸበሸብ፣ ሳይጣመም፣ በፋብሪካ ፍጥነት መስፋት ምን ማለት እንደሆነ መርፌ የያዘ ያውቀዋል። ድርጅቱ የሥራ ደረጃ እንደገና ሲያወጣ ግን ከ«ሐ» ዝቅ አድርጎ «ለ» ላይ መደባቸው፤ ሙያ የማይጠይቅ ሥራ ነው ብሎ። በዚያ ላይ በዚያው በ«ለ» ደረጃ ያለ ወንድ ከሚያገኘው 85 በመቶውን ብቻ ነበር የሚከፈላቸው። ሙያሽ ሙያ አይደለም፤ ቢሆንም ባይሆንም ሴት ስለሆንሽ ከዚያም ይቀነሳል። ሁለት ጊዜ መዘረፍ ማለት ይህ ነው።

ሰኔ 7 ቀን 1968 የስፌት መኪናዎቻቸውን አጥፍተው ወጡ። ከተወካዮቻቸው አንዷ ሮዝ ቦላንድ ነበረች። መጀመሪያ የሳቀ ነበር። የወንበር ልብስ ክምችቱ ሲያልቅ ሳቁም አለቀ፤ ሞተር ያላት፣ ጎማ ያላት፣ ቀለም የተቀባች፣ ግን ሰው የማይቀመጥባት መኪና ለማን ትሸጣለህ? በሊቨርፑል አጠገብ ያለው የሄልዉድ ፋብሪካ ሰፊዎችም ተከተሏቸው። ሥራ ለሦስት ሳምንት ተስተጓጎለ፤ ምርት ቆመ፤ መንግሥት ተጨነቀ። የሥራ ስምሪት ሚኒስትሯ ባርባራ ካስል ሴቶቹን ቢሮዋ ጠርታ ሻይ እየተጠጣ ተነጋገሩ። ከወንዱ ደመወዝ 92 በመቶ እንዲያገኙ ተስማሙና ተመለሱ። የዚያ አድማ ግፊት በ1970 የወጣውን የእኩል ክፍያ ሕግ አመጣ፤ ሕጉም በ1975 መጨረሻ ሥራ ላይ ዋለ። ዛሬ አንዲት እንግሊዛዊት የባንክ ጸሐፊም ሆነች ሐኪም፣ ለእኩል ሥራ እኩል ክፍያ ብላ ፍርድ ቤት ስትቆም፣ ከኋላዋ የቆሙት የመኪና ወንበር ሰፊዎች ናቸው።

ታሪኩን እዚህ ላይ አጨብጭበው የሚዘጉት ብዙ ናቸው፤ ስለ አድማው በ2010 የወጣው ፊልምም የሚያስታውሰው ያንን ድል ነው። እኔ ግን አልዘጋውም። ሴቶቹ መጀመሪያ የጠየቁት መቶኛውን ብቻ አልነበረም፤ ሙያችን ሙያ ይባል ነበር ያሉት። ያ አልተሰጣቸውም። በ1984 እንደገና ወጥተው፣ ሳምንታት አድመው፣ ያን ጊዜ ነው ወደ «ሐ» ከፍ የተደረጉት። 16 ዓመት! ሦስተኛዋ፣ አራተኛዋና አምስተኛዋ ኮርቲና ወጥታ፣ ኮርቲና ራሷ ከገበያ ጠፍታ፣ የሰፉላት እጆች ገና ሙያተኛ ለመባል ይከራከሩ ነበር። መኪና አዋቂ ነኝ የሚል ሁሉ የፈረስ ጉልበቷን ይነግርሃል። የወንበሩን ስፌት የማያውቅ ሰው ኮርቲናን ግማሽ ነው የሚያውቃት።

«ትዝግ ነበር ግን።»

ትዝግ ነበር። እዚህ ላይ አልከራከርህም። የእንግሊዝ ክረምት መንገድ ላይ ጨው ይበተናል፤ ጨዋማው ውኃ ከሥር እየተረጨ በላሜራው መጋጠሚያ ውስጥ ይተኛል፤ ከዚያ መከላከያ ካልተቀባ ብረት ይበላል። ሦስተኛዋ ትውልድም ስትጀምር ጥራቷ ያሳፍር ነበር፤ በ1971 መጀመሪያ ላይ የፎርድ ሠራተኞች ለሁለት ወር ያህል ባደረጉት አድማ ደግሞ ደንበኛው መኪናውን ሲጠብቅ ከረመ። ይህን የሚደብቅ ወዳጅ ወዳጅ አይደለም።

ሆኖም ስትታመም ማን ያክማት ነበር? ራሱ ባለቤቱ! ኮፈኗን ስትከፍት ሞተሩ ፊት ለፊትህ ቆሟል፤ እጅህ የማይደርስበት ብሎን የለም። ቅዳሜ ጠዋት በቤቱ ደጅ ላይ ፕላቲን የሚለውጥ፣ ቫልቭ የሚያስተካክል፣ ዘይት የሚቀይር አባት፣ አጠገቡ ቁልፍ የሚያቀብል ልጅ፤ የዚያ አገር የ1970ዎቹ ሠፈር ይህን ይመስል ነበር። ዛሬ የሞተር መብራት ሲበራብህ ኮምፒዩተር ያለው ሰው ፍለጋ የምትሄደው አንተ፣ በዚያ አባት ላይ አፍህን አትክፈት።

«ይሁን፤ ግን ሞተች እኮ። ሲየራ ተካቻት።»

እስቲ ስትተካ ምን እንደሆነ እንይ። በ1979 ብቻ ብሪታንያ ውስጥ ከ190 ሺህ በላይ ኮርቲና ተሸጧል፤ በዚያ አሥር ዓመት ከሁሉ በላይ የተሸጠችው እሷ ነበረች። በ1982 ሐምሌ የመጨረሻዋ ከዳገንሃም ወጣች። ሲየራ መጣች፤ ክብ ክብ፣ ነፋስ የሚያንሸራትታት፣ የኋላ በሯ ወደ ላይ የሚከፈት፣ ከዘመኗ የቀደመች። እኔ ሲየራን አልጠላም፤ ሐቀኛ መኪና ነበረች። ግን የኮርቲና ደንበኛ የዕቃ መጫኛውን ፈለገ፤ ሻንጣው ተቆልፎ የሚቀመጥበትን፣ ከተሳፋሪው የተለየ፣ ደንበኛ የዕቃ መጫኛ። አጣውና ብዙው ወደ ቮክሶል ካቫሊየር ተሻገረ። ፎርድ አምስት ዓመት ቆይቶ በ1987 ሲየራ ላይ እንዲህ ያለ የዕቃ መጫኛ ቀጠለባት። ሞተች ያልካት መኪና ከሄደች አምስት ዓመቷ፣ ተተኪዋን በራሷ ልክ እንደገና አሰፋቻት!

«እሺ ሁሉም ይሁን። ለኛ፣ ለአበሻ፣ ምናችን ናት?»

ይህን ስትጠይቀኝ ስጠብቅ ነበር። ቹንግ ጁ-ዩንግ የሚባል የኮሪያ የኮንስትራክሽን ሰው በ1967 መጨረሻ የመኪና ኩባንያ አቋቋመ። ኩባንያው መኪና ሠርቶ አያውቅም፤ የሠለጠነ ሰውም አልነበረውም። ከፎርድ ጋር ተዋውሎ በ1968 ኡልሳን ላይ መገጣጠም የጀመራት የመጀመሪያ መኪና ኮርቲና ናት፤ ሁለተኛዋ ትውልድ። የኡልሳን ሠራተኞች መኪና እንዴት እንደሚገጣጠም እጃቸውን የፈቱት በዳገንሃሟ ልጅ ላይ ነው። ባልተነጠፈው የኮሪያ መንገድ መጀመሪያ ክፉኛ ተፈተነች፤ ከዚያም ፈተና ተማሩ። ከፎርድ ጋር በሽርክና ለመሥራት የተያዘው ንግግር ሲከሽፍ ኮሪያውያኑ የራሳችንን እንሠራለን አሉና፣ ከእንግሊዝ ጆርጅ ተርንቡልን ቀጠሩ። ተርንቡል ማን ነው? ኮርቲናን ለመርታት የወጣችውን ሞሪስ ማሪናን ያሠራ የብሪቲሽ ሌይላንድ አለቃ! ኮርቲናን ሊረታ የተነሣው ሰው፣ ኮርቲና ያስተማረቻቸውን ተማሪዎች ሊያስተምር ሄደ። በ1975 ፖኒ ተወለደች፤ የኮሪያ የመጀመሪያ የራሷ መኪና።

የኩባንያው ስም ሃዩንዳይ ነው። አዎ፣ ያው አንተ የምታውቀው፣ የኃይሌ ገብረ ሥላሴ ማራቶን ሞተር አዲስ አበባ ላይ የሚገጣጥመው ሃዩንዳይ። አሁን ተነሥ፤ ያንተኛዋ መንገድ ዘግታ ቆማለች፣ ሰው ጥሩምባ እየነፋ ነው። ስትመለስ ካቆምንበት እንቀጥላለን፤ አራተኛዋን ትውልድ ገና አልነካኋትም።